የባዶ ጠረጴዛ ዋጋ፤ የአግነር ኤርላንግ ሕይወትና የጋራ ቢሮዎች ጥያቄ

ኦፕሬሽንስ ሪሰርች የተባለውን ኮርስ የወሰደ የትምህርት ክፍላችን ተማሪ ሁሉ ኤርላንግ የሚለውን ስም ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ቀመር ነው። ለፈተና ይሸመደዳል፤ ፈተናው ሲያልቅ ከደብተሩ ጋር ይቀመጣል። ይህች አጭር ጽሑፍ ከቀመሩ ጀርባ ያለውን ሰው ለማስተዋወቅና ሥራው ዛሬ በየከተማው ከምናያቸው የጋራ ቢሮዎች ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማሳየት የተዘጋጀች ናት። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ ልብ ይበልልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ጥያቄው ጥቂት ልበል። የጋራ ቢሮ ወይም ኮዎርኪንግ የሚባለው ነገር አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ባለሀብት ሰፋ ያለ አዳራሽ ይከራያል፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ኢንተርኔትና ቡና ያዘጋጃል፤ ከዚያም ቦታውን ለብዙ ሰዎች በወር፣ በቀን ወይም በሰዓት ቆራርጦ ያከራያል። ሐሳቡ በዚህ ስም የታወቀው ብራድ ኒውበርግ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ በ2005 በሳን ፍራንሲስኮ በሳምንት ሁለት ቀን የሚከፈት የሥራ ቦታ ካዘጋጀ በኋላ ነው። ወደነዚህ ቢሮዎች የሚመጡት ደንበኞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ወርኃዊ ክፍያ የሚከፍለው አባል ነው። ሌላው ሳይመዘገብ፣ ቀጠሮ ሳይዝ፣ እግር ጥሎት የሚገባው ነው። ለአባሉ ስንት ጠረጴዛ እንደሚያስፈልግ ከመዝገብ ይታወቃል። እግር ጥሎት ለሚመጣው ግን ስንት ጠረጴዛ ይቀመጥለት?

ባለቤቱ ጥቂት ካስቀመጠ ሰው ይመለሳል። የተመለሰ ሰው ደግሞ ቅሬታውን አይናገርም፤ ዝም ብሎ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ሁለተኛም አይመጣም። ብዙ ካስቀመጠ ደግሞ የባዶ ጠረጴዛ ኪራይ ይበላዋል። ይሄ ቀልድ አይደለም። በ2010 በኒው ዮርክ የተመሠረተውና ከዓለም ትልልቅ የጋራ ቢሮ አከራዮች አንዱ ለመሆን የበቃው ዊወርክ በኖቬምበር 2023 በፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ እስከ መጠየቅ የደረሰው፣ ለረጅም ዓመታት የተከራያቸው ሕንፃዎች ኪራይ ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት ነበር። ስለዚህ በባዶና በሙሉ መካከል ትክክለኛውን ቁጥር ማግኘት የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በኮፐንሃገን ከተማ አንድ የሂሳብ ሰው ይህንኑ ጥያቄ ቁጭ ብሎ ፈትቶታል። ልዩነቱ በጠረጴዛው ፋንታ የስልክ መስመር፣ በተቀማጩም ፋንታ ደዋይ መኖሩ ብቻ ነው።

አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ጃንዋሪ 1 ቀን 1878 በዴንማርክ ምዕራባዊ ክፍል፣ በጁትላንድ፣ ታርም ከተባለችው ከተማ አጠገብ በምትገኝ ሎንቦርግ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርና የደብሩ ጸሐፊ ነበር። እናቱ ማግዳሌና ክራሩፕ ከካህናት ወገን የምትወለድ ስትሆን፣ ከቀደምት አያቶቿ መካከል ቶማስ ፊንኬ የተባለ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የሂሳብ ሊቅ ይገኝበታል። በትሪጎኖሜትሪ ትምህርታችን ታንጀንት እያልን የምንጠራውን ቃል ያወጣው ይኸው ፊንኬ ነው። አግነር ፍሬድሪክ የሚባል ታላቅ ወንድምና ማሪና ኢንገቦርግ የሚባሉ ሁለት ታናናሽ እህቶች ነበሩት።

ስለ ልጅነቱ ከሚነገሩት ሁሉ እኔን ያስገረመኝ የንባቡ ነገር ነው። ማታ ማታ ወንድሙ ፍሬድሪክ መጽሐፍ ሲያነብ ትንሹ አግነር ከፊት ለፊቱ ይቀመጥና ያንኑ መጽሐፍ ከላይ ወደ ታች ተገልብጦ ያነበው ነበር። ሁለት ልጅ፣ አንድ መጽሐፍ! ቁሳቁስን ለሁለት መጠቀም የጀመረው ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሰማይንና ከዋክብትንም ይወድ ነበርና በልጅነቱ ስለ ሥነ ፈለክ ግጥም ይጽፍ እንደነበር ይነገርለታል።

በ14 ዓመቱ ወደ ኮፐንሃገን ሄዶ ለመግቢያ የሚሰጠውን ፈተና ወሰደ። ዕድሜው ስላልደረሰ ለመፈተን ልዩ ፈቃድ አስፈልጎት ነበር፤ ሆኖም በከፍተኛ ውጤት አለፈ። ከዚያ ወደ መንደሩ ተመልሶ በአባቱ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆኖ ሁለት ዓመት አስተማረ፤ ጎን ለጎንም ፈረንሳይኛና ላቲን ተማረ። ቀጥሎ በፍሬደሪክስቦርግ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ በ1896 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን እንደገና በማዕረግ አለፈ። ቤተሰቡ ሀብታም ስላልነበረ ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የገባው በነፃ የትምህርት ዕድል ነው። በ1901 ሂሳብን ዋና፣ ሥነ ፈለክን፣ ፊዚክስንና ኬሚስትሪን ደግሞ ንዑስ ትምህርት አድርጎ በማስተርስ ተመረቀ።

ተመርቆ ምን ሠራ? አስተማረ። ለሰባት ዓመት ያህል በተለያዩ ትምህርት ቤቶች መምህር ነበር። በዚህ መካከል በ1904 የሆላንዱ ሊቅ ሁይገንስ ጥቃቅን መጠኖችን በሚመለከቱ ጥያቄዎች ላይ ስለተጠቀመበት ዘዴ በጻፈው ድርሰት ከዩኒቨርሲቲው ሽልማት አገኘ። ከዚህ በቀር ስሙ የሚጠራ ሰው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ገና የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ከኛ መካከል ተመርቄ ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ምንም አልሆንኩም እያለ የሚያማርር ካለ ይህን ያስብ።

ዕድሉን የለወጠው የዴንማርክ የሂሳብ ሰዎች ማኅበር ነው። ኤርላንግ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ዮሃን የንሰንን ተዋወቀ። የንሰን በሂሳብ ዓለም በስሙ የተሰየመ አለእኩልነት ያለው ሰው ነው፤ መተዳደሪያው ግን የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ዋና መሐንዲስነት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምሮ አያውቅም። በኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በዮሃንሰንና በኤርላንግ መካከል ድልድይ የሆነው እሱ ነው። ዮሃንሰን ራሱ ስለ ስልክ ጥበቃ ጊዜ ጽሑፍ የጻፈ፣ የችግሩን ክብደት የተረዳ ሰው ነበር፤ ችግሩን በሂሳብ የሚፈታለት ሰው ይፈልግ ነበር። በ1908 ኤርላንግ የኩባንያው የሳይንስ ተባባሪና የላቦራቶሪው ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ።

የዚያን ጊዜ ስልክ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ደዋዩ ስልኩን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያገኘው ቴሌፎኒስቷን ነው። እሷም ገመዱን ከስዊችቦርዱ ቀዳዳ ላይ ሰክታ ከፈለገው ሰው ጋር ታገናኘዋለች። ከአንድ ማዕከል ወደ ሌላ ማዕከል የሚሄዱት መስመሮች ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። አሥር መስመር ካለ አሥራ አንደኛው ደዋይ መስመር ተይዟል ይባላል። እያንዳንዱ መስመር ደግሞ መሬት ተቆፍሮ የሚቀበር የመዳብ ኬብል ነው፤ ውድ ነው። ኩባንያው ኬብል ቢጨምር ገንዘብ ያወጣል፤ ባይጨምር ደንበኛ ይቆጣል። የጋራ ቢሮው ባለቤት ጭንቀት እንዳለ ይኸው አይደል?

ላቦራቶሪ ሲባል ነጭ ጋውን የለበሱ ረዳቶች የሞሉበት ቤት መስሎን ከሆነ ተሳስተናል። መጀመሪያ ላይ ኤርላንግ ረዳት ሠራተኛ አልነበረውም። መሬት ውስጥ መንገዱን ስቶ የሚዞረውን የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካው ራሱ ነበር። የኮፐንሃገን ነዋሪዎች ይህ የሂሳብ ሰው መሰላል ከተሸከመ አንድ ሠራተኛ ጋር በየጎዳናው ሲዞር፣ የኬብል ጉድጓድ ተከፍቶለት በመሰላሉ ወደ ታች ሲወርድ ያዩት ነበር። ይህን የማነሳው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ቀመሩ ለምን ለሥራ እንደሚሆን ሳስበው፣ ሰውየው ጉድጓድ ገብቶ የሚለካ ሰው ስለነበረ ይመስለኛል።

ወደ ኩባንያው በገባ በዓመቱ፣ በ1909፣ የመጀመሪያውን ትልቅ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ በአንድ ጊዜ ውስጥ የሚመጡ ጥሪዎች ቁጥር የፖይሰን ሥርጭትን እንደሚከተል ያሳየ ነበር። ነገሩን በጠረጴዛ ቋንቋ እናስቀምጠው። በአንድ የጋራ ቢሮ በጠዋቱ የሥራ ሰዓት በአማካይ በሰዓት 4 ሰው እግር ጥሎት ይመጣል እንበል። እያንዳንዱ ለብቻው የወሰነ፣ ሌላውን የማያውቅ ሰው ነው። ታዲያ በየሰዓቱ ልክ 4 ሰው ይመጣል? አይመጣም። ፖይሰንን ተጠቅመን ብናሰላ ልክ 4 ሰው የሚመጣው ከአምስት ሰዓት በአንዱ ያህል ብቻ ነው። ከሃያ ሰዓት በአንዱ ደግሞ 8 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ይጎርፋል። ማንም የማይመጣበት ሰዓትም አለ፤ ከመቶው ሁለት የማይሞላ። ማንም አልጠራቸው፣ ማንም አልከለከላቸው፤ የዕድል ነገር ነው። ባለቤቱ ግን የጎረፉ ዕለት ማስታወቂያዬ ሠራ ይላል፣ የቀሩ ዕለት ደግሞ ተፎካካሪዬ ወሰዳቸው ይላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው የወጣው በ1917 ነው። በዚያን ጊዜ አውቶማቲክ የስልክ ማዕከሎች እየመጡ ስለነበር ጥያቄው ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኖ ነበር። ኤርላንግ ስታትስቲካዊ ሚዛን የሚባለውን ሐሳብ ተጠቀመ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሥራው ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ከቀጠለ፣ ከ7 የተያዘ መስመር ወደ 8 የሚደረገው ሽግግር ብዛትና ከ8 ወደ 7 የሚደረገው ሽግግር ብዛት እኩል መሆን አለበት። የወጣ ሁሉ መውረዱ አይቀርምና። ይህን ለእያንዳንዱ ቁጥር ጻፍ፣ ደምር፣ አካፍል፤ ቀመሩ ይወጣል። የሚጠይቀን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስንት መስመር እንዳለንና የሚቀርብልን ጭነት ስንት እንደሆነ።

ጭነት ማለት ምን ማለት ነው? በሰዓት የሚመጣው ሰው በሚቆይበት አማካይ ሰዓት ሲባዛ ነው። በሰዓት 4 ሰው ከመጣና እያንዳንዱ በአማካይ ሁለት ሰዓት ተኩል ከተቀመጠ ጭነቱ 10 ይሆናል። አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአማካይ የ10 ጠረጴዛ ሥራ ከመጣ 10 ጠረጴዛ ይበቃል ብለን እናስባለን። የኤርላንግ ቀመር ግን 10 ጠረጴዛ ብቻ ቢኖር ከመቶው 21 ሰው ቦታ አጥቶ እንደሚመለስ ይናገራል። ከአምስት ሰው አንዱ!

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። በዚያው አዳራሽ፣ አምስተኛው ሰው ሁሉ እየተመለሰ፣ በአማካይ የተያዘው ጠረጴዛ ስምንት ገደማ ብቻ ነው። ባለቤቱ ብቅ ብሎ ሲያይ ሁለት ጠረጴዛ ባዶ ያያል። እንዲያውም ይበዛል፣ አንዱን ላንሳው ሊል ይችላል። የተመለሱትን አላያቸውም፤ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ብቻ ነው የሚያውቃቸው። ሰዎች ተራ በተራ አይመጡምና አዳራሹ አንዳንዴ ጢም ይላል፣ አንዳንዴ ግማሽ ይሆናል፤ ባዶው ጠረጴዛ የሚታየው በግማሹ ሰዓት፣ የሚመለሰው ሰው የሚመጣው በሙሉው ሰዓት ነው። ሁለቱ በዓይን አይገናኙም። በኔ አስተያየት የኤርላንግ ትልቁ ውለታ ቀመሩ ሳይሆን ይህን የማይታይ ሰው መቁጠሩ ነው።

ጠረጴዛ ብንጨምርስ? 12 ሲሆን የሚመለሰው ከመቶው 12 ሰው ይሆናል። 15 ሲሆን 4 እንኳ አይሞላም። 18 ሲሆን ከሺው 7 ብቻ ነው። ግን ልብ በሉ፣ 11ኛው ጠረጴዛ ከመቶው አምስት ሰው ያድናል፤ 18ኛው ጠረጴዛ ግን አንድ ሰው እንኳ በቅጡ አያድንም፤ ኪራዩ ግን ያው ነው። የት ላይ ማቆም እንዳለብን የሚወስነው ሂሳቡ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ጠረጴዛ ኪራይና የአንድ ደንበኛ ዋጋ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። ይህንን መንገድ በዚያው በኮፐንሃገን የኤርላንግ የሥራ ባልደረባ የነበረው ሞ አሳድጎት እስከ ዛሬ የሞ መርሕ እየተባለ ይጠራል። በ15 ጠረጴዛ ቢወሰን፣ ከጠረጴዛው አንድ ሦስተኛው በአማካይ ባዶ ይሆናል። ያ ባዶ ቦታ ብክነት አይደለም፤ ለሚመጣው ሰው ቀድሞ የተከፈለ ዋጋ ነው። ለገንዘብ ያዡ ይህን ማስረዳት ግን ቀመሩን ከመፍታት የሚከብድ ይመስለኛል።

ሌላው ቀመሩ የሚያሳየን ነገር የመለያየት ጉዳት ነው። አንድ ቢሮ ሁለት ፎቅ አለው እንበል፤ በየፎቁ 10 ጠረጴዛ አለ፤ ለየፎቁም የ5 ጭነት ይቀርባል። ወደ አንዱ የመጣ ሰው ሌላኛው ፎቅ ላይ ቦታ ይኑር አይኑር አያውቅም፤ አይጠየቅምም። በዚህ ዓይነት ከሺ ሰው 18 ይመለሳል። ሁለቱን ፎቆች አንድ አድርገን 20 ጠረጴዛውን በአንድ አስተናጋጅ ብናስተዳድር ግን ከሺው የሚመለሰው 2 ሰው ብቻ ነው። አንድም ጠረጴዛ አልተገዛም! ወይም ደግሞ የቀድሞውን አገልግሎት ሳናጓድል ሦስት ጠረጴዛ ቀንሰን በ17 መሥራት እንችላለን። በትልቅነትም እንዲሁ ነው። አንድ ጠረጴዛና የ1 ጭነት ያለው ቦታ የመጣበትን ሰው ግማሹን ይመልሳል፤ መቶ ጠረጴዛና የመቶ ጭነት ያለው ግን ከመቶው 8 ያህሉን ብቻ። ትንንሽ ቢሮዎች ለምን እንደሚቸገሩ ከዚህ ይገባናል። ለዚህም ነው ብዙ የጋራ ቢሮዎች ለአባል በስም የተለየ ጠረጴዛ ከመስጠት ይልቅ ማንም በመጣበት ባገኘው እንዲቀመጥ የሚያደርጉት፤ በስም የተያዘ ጠረጴዛ ባለቤቱ በቀረ ዕለት ለማንም አይጠቅምም። በፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ደብተር አስቀምጦ ቦታ የሚይዝ ጓደኛችንም በኤርላንግ ሚዛን ቢመዘን ጥፋተኛ ነው።

እስካሁን ያልኩት ቦታ ያጣ ሰው ተመልሶ ይሄዳል በሚል ነው። ወረፋ የሚጠብቅስ ከሆነ? ኤርላንግ ለዚህም በዚያው በ1917 ሁለተኛ ቀመር አስቀምጧል። እዚህ ላይ ነገሩ የባሰ ይከፋል። ጭነቱ 10፣ ጠረጴዛው 10 ሆኖ ሁሉም ሰው በትዕግሥት ከጠበቀ ወረፋው ማለቂያ የለውም፤ ቢሮው እስኪዘጋ ድረስ እየረዘመ ይሄዳል። ጠረጴዛው 12 ሲሆን ከመቶው 45 ሰው መጠበቅ ይኖርበታል፤ የሚጠብቀውም በአማካይ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። 15 ሲሆን የሚጠብቀው ከአሥሩ አንድ ብቻ ይሆናል፤ እሱም ግማሽ ሰዓት ያህል። ላፕቶፕ ይዞ ለሥራ የመጣ ሰው አንድ ሰዓት ከሩብ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ አይመስለኝምና፣ ለጋራ ቢሮ የመጀመሪያው ቀመር ይበልጥ ይስማማዋል።

የመጀመሪያው ቀመር አንድ ሌላ መልካም ነገርም አለው። አንዱ ሰው ኢሜይሉን አይቶ በሃያ ደቂቃ ይወጣል፤ ሌላው ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ዝርዝር ማወቅ ያስፈልጋል? አያስፈልግም። የቆይታው አማካይ ከታወቀ ይበቃል፤ ሥርጭቱ ምንም ይሁን ምን ውጤቱ አይለወጥም። ይህ ለማንኛውም የቆይታ ሥርጭት እንደሚሠራ በ1957 የሶቪየቱ የሂሳብ ሰው ሴቫስትያኖቭ በማስረጃ አጽንቶታል። ስለዚህ ባለቤቱ ማወቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ስንት ሰው መጣ፣ የተመለሰውን ጨምሮ? በአማካይስ ስንት ጊዜ ተቀመጠ? አንድ ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። የሚቆጠረው ግን የሙሉ ቀኑ አማካይ ሳይሆን የተጨናነቀው ሰዓት ነው፤ የስልክ ሰዎችም የሚያሰሉት በዚሁ ነበር። የሌሊቱን ጸጥታ ከቀኑ ጋር ደምሮ ማካፈል ራስን ማታለል ነው።

ቀመሩ ግን ሁሉን አይችልም። ደዋዮች እርስ በርስ አይተዋወቁም ብሎ ይነሳል፤ ወደ ጋራ ቢሮ ግን አራት ጓደኛሞች ለአንድ ፕሮጀክት አብረው ሊመጡ ይችላሉ። እንዲህ ሲሆን ግፊያው ቀመሩ ከሚለው ይበልጣል። ተመላሹ ሰው ደግሞ ጨርሶ ይሄዳል ይላል፤ ሆኖም ማኪያቶ ጠጥቶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚመለስ አለ። ስለዚህ የወጣው ቁጥር መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም።

ሥራው ከዴንማርክ ውጭ ለመታወቅ ብዙ አልፈጀበትም። የእንግሊዝ ፖስታ መሥሪያ ቤት፣ በዚያን ጊዜ የሀገሪቱን ስልክ የሚያስተዳድረው፣ የመስመሮቹን ብዛት ለመወሰን ቀመሩን ተቀበለ። ኤርላንግ ሲጽፍ ግን እጅግ ቁጥብ ነበር። ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፤ አንዳንዴ ማስረጃውን ጭራሽ ይተወዋል፤ የሂሳብ ሰው ያልሆነ አንባቢ ይደናገራል። በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ አንድ ተመራማሪ የኤርላንግን ጽሑፎች በመጀመሪያው ቋንቋ ለማንበብ ሲል ዴኒሽኛ እንደተማረ ይነገራል። እኛ አንድ የፎቶ ኮፒ ሃንድአውት ለማንበብ ስንቸገር ሰውየው ለጥቂት ገጾች ሲል ቋንቋ ተማረ!

በግል ሕይወቱ ብዙ የሚወራለት ሰው አይደለም። ትዳር አልያዘም። ገንዘቡ የሚሄደው በዋነኛነት በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው መጽሐፍ ነው፤ በሂሳብ፣ በሥነ ፈለክና በፊዚክስ ላይ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አከማችቶ ነበር። ሁለተኛው ምጽዋት ነው። ችግረኞች እርዳታ ፍለጋ እሱ ከሚሠራበት ላቦራቶሪ ድረስ ይመጡ ነበር፤ እሱም ሰው በማያይበት ሁኔታ ይሰጣቸዋል እንጂ ባዶ እጃቸውን አይመልሳቸውም። መስመር ስለሚያጣ ደዋይ ዕድሜውን ሲያሰላ የኖረ ሰው፣ በራሱ በር ላይ የቆመውን ሰው አለመመለሱን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ይህን ግን በሂሳቡ ላይ ልለጥፈው አልፈልግም፤ ሰውየው ሃይማኖተኛ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ነበርና ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

በኩባንያው ወደ ሃያ ዓመት ያህል ሠራ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን በሕመም ምክንያት ከሥራ ቀርቶ አያውቅም ነበር። በጃንዋሪ 1929 ታመመ፤ ለሆድ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1929 በተወለደ በ51 ዓመቱ አረፈ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕሮፌሰር ሆኖ አያውቅም፤ የወረፋ ንድፈ ሐሳብ የሚባለው የትምህርት ዘርፍም በስሙ ራሱን ችሎ የቆመው ከሞተ በኋላ ነው።

በ1946 የዓለም አቀፉ የስልክ አማካሪ ኮሚቴ የስልክ ጭነት መለኪያ በስሙ ኤርላንግ ተብሎ እንዲጠራ ወሰነ። በ1948 ደግሞ በኮፐንሃገን የሕይወት ታሪኩና ሥራዎቹ በእንግሊዝኛ ተሰባስበው ታተሙ። በ1980ዎቹ በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ የተሠራውና በ1998 ለሕዝብ ክፍት የሆነው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋም ኤርላንግ ይባላል፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ስሙን ከኛ ቀድመው የሚያውቁት በዚህ ነው። መለኪያው ግን እኛን ይበልጥ ይመለከተናል። አንድ መስመር ለአንድ ሰዓት ሙሉ ከተያዘ ያ አንድ ኤርላንግ ነው። ሰዓት ለሰዓት ሲካፈል የሚወጣ ቁጥር ስለሆነ ሜትርም ኪሎም የለውም፤ ለመስመርም፣ ለሆስፒታል አልጋም፣ ለጠረጴዛም እኩል ይሠራል። ከላይ ያየነው አዳራሽ ጭነት እንግዲህ በሙሉ ስሙ ሲጠራ 10 ኤርላንግ ነው።